ስሜና ስልኬ ከሰንዱቅ መመሪያ ላይ እንዲነሱልኝ የቀረበ የአክብሮት ልመና

ለተከበሩ ጋሼ ሣህሌ
የሰንዱቅ ነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት የበላይ ጠባቂ
ቶራንስ

ሎስ አንጀለስ፣ ኦገስት 2016

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ለጤናዎ፣ ለደም ግፊትዎ፣ በጓሮዎ ላሉት የሎሚ ዛፎች ጭምር መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ እኔ ባለሁበት አለሁ፤ ባለሁበት መኖሬ ነው እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

ለማያውቁን አንባቢዎች ያህል፣ ሰንዱቅ ማለት እድሮች የአባሎቻቸውን ስምና ስልክ የሚይዙበት፣ ሰው ሲሞትም ለሁሉም በአንድ ጊዜ መርዶ የሚልኩበት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ፕሮግራም ነው። እኔ ማዕዶት እባላለሁ። አዲስ አበባ ፋርማሲስት ነበርኩ፤ እዚህ ሳንታ ሞኒካ በአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ረዳት ነኝ፤ የሙያ ፈቃዴን የሚያስመልስልኝን ፈተና ከእንቁጣጣሽ በኋላ እንደገና እቀመጣለሁ። በትርፍ ጊዜዬ፣ ማለትም ትርፍ ጊዜ በነበረኝ ዘመን፣ የሰንዱቅን የአማርኛ መመሪያ ጽፌአለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አሿሿሜ ላመስግንዎ። የእድራችን ጸሐፊ እትዬ ባንቺአየሁ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ምሳ በልተን ስንጨርስ ላፕቶፓቸውን ከፍተው፣ ከእኔ በፊት በነበረው መመሪያ ውስጥ «ቀሪው ግልጽ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አሳዩኝ። ለእሳቸው ግልጽ አልነበረም፤ ለእኔም አልሆነልኝም። ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር አስተካክዬ ላክሁ። በማግሥቱ «የሰነድ ክፍል ኃላፊ» ተብዬ ስሜን ከገጹ አናት ላይ አገኘሁት። ሌላው ሰው ለሹመት ስንት ደጅ ሲጠና እኔ ምሳ በልቼ መሾሜ ትልቅ ዕድል ነው። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም እንደሌለ የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፕሮግራመራችን ስለ ወንድም ግሩም። ግሩም በፕሮግራሙ ገጽ ላይ የሚጫኑትን ቁልፎች ከቦታ ቦታ ማዛወር የሚወድ ትጉህ ልጅ ነው፤ ባዛወረ ቁጥርም «ማዕዲ፣ ኒው ቨርዥኑን ፑሽ አድርጌዋለሁ፣ ሶ አንቺ ዶክመንት አድርጊው፣ ኢዚ ነው» ብሎ ይጽፍልኛል፤ አዲሱን አውጥቻለሁ፣ አንቺ መመሪያ ጻፊለት፣ ቀላል ነው ማለቱ ነው። ምኑ እንደተለወጠ መናገር የእሱ ሥራ አይደለም፤ ፈልጎ ማግኘት የእኔ ነው። ባለፈው ኤፕሪል ፈተናዬ ሰኞ ሊሆን ቅዳሜ ዕለት «ላክ» የሚለው ቁልፍ በነበረበት ቦታ ላይ «ሰርዝ» የሚለውን አስቀመጠው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ደግሞ ቁልፍ የሚጫኑት በለመደ እጅ እንጂ እያነበቡ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ መመሪያውን ሳርምና የአባላት ዝርዝር የጠፋባቸውን የእድር ጸሐፊዎች በስልክ ሳጽናና ዋልኩ፤ ሰኞ ፈተናውን ወደቅሁ። ተናድጃለሁ፣ ጋሼ፤ በጨዋ ቋንቋ ስጽፍልዎ አልተናደደችም እንዳይሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ ስልኬ። መመሪያውን እንደ መድኃኒት አወሳሰድ ደረጃ በደረጃ አድርጌ ብጽፈው፣ እርስዎ ለአረጋውያን አዝነው ከግርጌው «ለበለጠ ማብራሪያ» ብለው የእጅ ስልኬን አኖሩበት። ከዚያ ወዲህ ከመመሪያው የሚነበበው ስልኩ ብቻ ነው። ከዳላስ፣ ከሲያትል፣ ከቶሮንቶ ይደወልልኛል፤ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር አውቶቡስ ላይ መጽሐፌን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሳጠና ይደወልልኛል። ቁጥሩን አንዴ ባጠፋው፣ «በስሕተት ጠፍቶብሽ ነው ብዬ መልሼዋለሁ» የሚል ደግነት የተሞላ መልእክት ከእርስዎ ደረሰኝ። አታንሺው ይሉኝ ይሆናል። ደዋዩ ግን ሰው የሞተበት ነው፤ መርዶው አልሄድ ብሎት ቀብር ሊያልፍበት ነው። እንዴት አላነሳም? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

አራተኛውና ዋናው፣ ስለ ምርቃትዎ ነው። ሥራውን ልልቀቅ ብዬ ስብሰባ ላይ በቆምኩ ጊዜ፣ ንግግሬን ሳልጀምር ቀድመው ተነሥተው፣ እጅዎን ዘርግተው «ይህ ሥራ ከእጅሽ አይለይ፤ እስከ እርጅናሽ ያቆይሽ» አሉኝ። አዳራሹ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ! ሽማግሌ ሲመርቅ አፉን ዘግቶ የሚቆም ሰው በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቆርጬ መጣሁ፤ ገና በሩ ላይ ሲያዩኝ መረቁኝ። እንደ እኔ የተመረቀ እስረኛ ያለ አይመስለኝም። ተተኪ ይፈለግልኝ ብል ደግሞ ኮሚቴዎ ተስማምቶ፣ ለተተኪው እንዲረዳው መመሪያ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስረዳ መመሪያ አስቀድሜ እንድጽፍ ወሰነልኝ።

ሥራችንን ሁልጊዜ ደቦ ነው ይሉታል። በአያቶቻችን ደቦ ግን ባለ ማሳው ያበላል፣ ያጠጣል፤ ሲመሽም ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ ቤቴ ገብቼ አላውቅም። ሥራው ከንቱ ነው አላልኩም፤ ከንቱ ቢሆንማ ድሮ በተውኩት ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ከእንቁጣጣሽ በፊት ስሜና ስልኬ ከገጹ ይነሡልኝ፤ ግሩምም ያዛወረውን ቁልፍ ራሱ ይጻፈው። ይህን ጊዜ ከወደቅሁ ያለኝ ሙያ የሌላውን መድኃኒት ማሸግ ብቻ ይሆናል፤ እርጅናዬም፣ እንደመረቁኝ፣ ሰንዱቅ ላይ ይሆናል። መልስዎን በጽሑፍ እንዲያደርጉልኝ እለምናለሁ፤ በቃል ከሆነ ይመርቁኛል።

ጉልበትዎን ስሜ፣ በሩን ግን በዓይኔ እየፈለግሁ፣

ማዕዶት
የሰነድ ክፍል ኃላፊ፣ ምክትል ኃላፊ፣ ብቸኛ ባልደረባና ተላላኪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያየው ብዬ ዛሬ ጠዋት በፕሮጀክቱ የውይይት ገጽ ላይ ለጠፍኩት። ገጹ «መመሪያ» የሚል ቃል ያለበትን ጽሑፍ ሁሉ ለሚመለከተው ክፍል በራሱ እንዲመራ ተደርጎ ስለተሠራ፣ አቤቱታዬን ተቀብሎ መፍትሔ እንድሰጠው ለእኔው መርቶልኛል። እርስዎም ከሥሩ «ጥሩ ተጽፏል፤ ተባረኪ» ብለዋል። ከእርስዎ ቀጥሎ ሩቅያ የሚባሉ እናት ከዴንቨር፣ መልእክቱ አልሄድልኝ አለ፣ የቱን ልጫን ብለው ጽፈዋል፤ ወንድማቸው ሞቶባቸዋል። መልሼላቸዋለሁ።