እርጥብ ጭቃ ላይ የሚቀባ ቀለም

ለወንድሜ ለመህዲ፣
ዱባይ

አሰላሙ ዓለይኩም። አንተም ባለቤትህም በጤና እንድትኖሩልን አላህን እለምናለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስደውል ስለማታነሳ ይህን ወደ ዱባይ በምትመለሰው በጎረቤታችን ልጅ በሰልሳቢል እጅ ልኬልሃለሁ።

ባዘዝከኝ መሠረት የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ራሴ መርጌ ጨርሻለሁ። ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጬ፣ አባባ ያደርግ እንደነበረው ቦክቶ እስኪሸት ጠብቄ ነው የመረግኩት። ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ገና ሁለተኛ ልስን ይፈልጋል። አንተ ግን በላክኸው ድምፅ "እርጥቡ ላይ ነጭ ቀለም ቀቢበትና ፎቶ አንሺልኝ፤ የእማዬ አልጋ እንዳይታይ" አልከኝ። አልጋዋን በረንዳ ላይ አውጥቼ አነሳሁልህ።

የላክኸው ሰውዬም መጥቶ ነበር። ግንበኛ መስሎኝ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ላሳየው ብል ቀና ብሎም አላየ። ከአስፋልቱ እዚህ ድረስ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ጠይቆኝ፣ ግቢውን በእርምጃ ለክቶ ሄደ። እማዬ "መህዲዬ ቤቱን የሚያሳድሰው ሊመጣ ቢሆን ነው" እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። እኔ ሰውዬው ግቢውን ብቻ ለክቶ እንደሄደ አልነገርኳትም።

እርጥብ ጭቃ ላይ የተቀባ ቀለም ክረምት ሲገባ እንደሚላጥ አንተም ታውቃለህ፤ እዚሁ ቤት ነው ያደግከው። "እስከ ሰኔ ከያዘ ይበቃል" ያልከው ግን አልገባኝም። እኛ እንደሆነ ከሰኔ በኋላም የምንኖረው እዚሁ ነው።

እማዬ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሃለች። መልስህን በዚሁ አድራሻ ላክልኝ።

እህትህ ጁወይሪያ
ኮልፌ፣ ለጊዜው