የራሴ መርዶ

ጥቅምት 6፣ ጠዋት

ተላጨሁ። የአንገቴን ጠባሳ ሳልነካ። ተመስገን። ከዚያ ሥራ፣ የት/ቤቱ ቤተ መጻሕፍት። ድምፅ የሌለው መምህር የሚቀመጥበት ቦታ። «ጸጥታ ይከበር» የሚለው ከኋላዬ ተለጥፏል፣ እኔ ከፊቱ ተቀምጫለሁ። ተስማምተን እንኖራለን።

ሲስተር ብርቱካን ከጤና ጽ/ቤት መጣች። ፖስተሩ ታትሟል። አሳየችኝ። ማስታወሻዬ፣ ምን ልበልህ! ፊቴ ይህን ያህል፣ ጥቁርና ነጭ፣ ዙሪያው በጥቁር ተከቧል። ከታች «ሲጋራ ድምፄን ወሰደው» ይላል። የሙት ዓመት ፎቶ መሰለ እኮ አልኳት። ሳቀች። እንዲያስደነግጥ ታስቦ ነው አለች። እኔን አስደንግጧል፤ በዚህ በኩል ተሳክቶላቸዋል።

አሁን ደግሞ ሬዲዮ ትላለች። ፎቶ አይናገርም፣ ሰው መስማት ያለበት ድምፅዎን ነው መምህር፣ ትላለች። እምቢ አልኩ። ለምን? አልነገርኳትም።

እዚያው ቀን፣ አመሻሽ

ላንተ ልንገርህ። እናቴ ናት።

ሉማሜ አጠገብ ገጠር ነው ያለችው። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ሬዲዮዋ ራስጌዋ ነው፤ ከዜና እስከ ስፖርት ሁሉን ትሰማለች። ኳስ ተጫዋቾቹን እንኳ እየመረቀች። ጉሮሮዬ ውስጥ ዕጢ በቅሎ አ.አ. በቀዶ ሕክምና መውጣቱን አታውቅም፤ የአገር ቤት ዘመድም አልሰማም። ሥልጠና ሄዷል አልናት፣ እኔና ባለቤቴ የሺ። ከፋሲካ ወዲህ አልሄድኩም። በስልክ የምታናግራት የሺ ናት።

እኔማ በምን አፌ? ይህ ድምፅ ያረረ ድስት ሲፋቅ ነው የሚመስለው። እሷ የምታውቀኝ ደግሞ በድምፄ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ እኔ ለእሷ ምኗ ነኝ? ግራ ገባኝ።

ጥቅምት 11

ፖስተሩ መናኸሪያው በር ላይ ተለጠፈ። አላየሁም ብዬ ሦስት ጊዜ አለፍኩበት። የድሮ ተማሪዬ አየኝና ሲጋራውን ከጀርባው ደበቀ። ደስ አለኝ? አፈርኩ? እንጃ። ጭሱ ሸተተኝ። አማረኝ። ይኸው፣ እውነቱ ይሄ ነው። ፖስተሩ ላይ እንዲህ አይልም።

የነፍስ አባቴን ስለ ሬዲዮው ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ፣ ንስሐ ገብተህበታል፣ የተፈታን ኃጢአት በአደባባይ ምን ያስጮኸዋል አሉ። ትንሽ ቆይተው ለሌላው ትምህርት ነው አሉ። ከዚያ እኔ እንጃ አሉ። የነፍስ አባት «እኔ እንጃ» ካለ ልጁ ምን ይበል?

ጥቅምት 12

እንግዳ ነገር። የአጎቴ ልጅ ደምሴ ደወለ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። አቤት አልኩ። ጌታነህን አገናኙኝ አለ። እኔ ነኝ አልኩት። ማን? አለኝ። እኔ ነኝ ደምሴ፣ እኔ ነኝ።

«ኧረ ስልኩን እንኳ ሌላ ሰው ወርሶታል!» ብሎ ጮኸና ዘጋው።

መልሼ ደወልኩ። ዝግ ነው። የሺ ጠጥቶ ይሆናል አለች። ደምሴ ጠላ እንኳ አይቀምስም።

ጥቅምት 13፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ሞቻለሁ።

የእናቴ ጎረቤት የሺ ጋ ደወለ። አጠገብሽ ሰው አለ ወይ አላት። ባሌ አለ አለች። እግዜር ያጥናሽ እህቴ አላት። ከዚያ ነገሩን ከአፉ ጎትታ ጎትታ አወጣችው። ደምሴ ትናንት ከመናኸሪያ ሲወጣ ፎቶዬን በሚኒባሱ መስኮት አይቷል። ጽሑፉን አላነበበም። ማንበቡን ለቄስ የተወ ሰው ነው። ስልኬ ላይ ሲደውል ደግሞ የማያውቀው ሰው አነሣ። ምን ቀረው?

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለእናቴ መርዶዬን ነገሯት። እንደ ወጉ። አንድም ነገር አላጓደሉም። ድንኳን ተተክሏል።

የሺ በሕይወት አለ ብላ ጮኸች። ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ። ተናገርኩ። ሰውየው ስልኩን ለሷ መልስላት አለኝ። ከዚያ ለሷ፦ «እህቴ፣ ይህ ሰውዬ ማነው?»

እየሄድን ነው። በአንድ ፎቶ እናቴን ልገድላት ነው?

ጥቅምት 14፣ እናቴ ቤት

ትናንት ድንኳኑ በር ስንደርስ ሴቶቹ ጮኹ። ከዚያ እልል አሉ። ከፊሎቹ ማልቀሳቸውን አልተዉም፤ የጀመሩትን መጨረስ ነበረባቸው። ደምሴ እግሬ ላይ ወደቀ። ዓይን ያለው ሁሉ አመነ።

እናቴ መደቡ ላይ ነበረች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ። እማዬ፣ እኔ ነኝ አልኳት። ይህ የልጄ ድምፅ አይደለም አለች። እንድትዳስሰኝ እጄን ሰጠኋት። እጇን ሰበሰበች።

«ይስሐቅም የተታለለው በጁ ነው። ጆሮውማ ነግሮት ነበር።»

የሺ ልታስረዳት ሞከረች። እሷን በድምፅዋ ታውቃታለች፤ አቀፈቻትና አንቺንም አታለሉሽ ልጄ አለቻት።

ወጥቼ ከግርግሙ ኋላ አለቀስኩ። የሞተ ሰው ለራሱ ልቅሶ ሲያለቅስ የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

አመሻሽ

ሰው ሲበተን ሁሉን ነገርኳት። ሲጋራውን፣ ሆስፒታሉን፣ የሥልጠናውን ውሸት። ድምፄ እየተቆረጠ፣ ውሃ እየጠጣሁ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ልጇ ማጨሱን ድሮ ታውቅ እንደነበር ተናገረች። ጋቢዬ ይሸታት ነበር። እንድተወው ለማርያም ተስላለች። አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም።

«አንተ እሱ እንደሆንህ አላውቅም» አለችኝ። «ብትሆንም ባትሆንም እራትህን ብላ።»

በላሁ። ተቆጣችኝ? ማረችኝ? የማላውቀው ሰው እናት ቤት በእንግድነት ያደርኩ ያህል ነው። አልጋው ግን የልጅነቴ አልጋ ነው።

ጥቅምት 15፣ ጠዋት

ሳትነሣ ጠራችኝ። «ሰውዬው» ብላ። እንደገና አውራ አለችኝ። አወራሁ። ስለ እርሻው፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ምንም። ጉሮሮዬ ደከመ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ እንደ ዜና።

ከዚያ ነገረችኝ፦ ሬዲዮ ላይ አንድ አዲስ ሰውዬ መጥቶ ነበር፣ መጀመሪያ ድምፁ አልጣማትም። ሲደጋገም ለመደችው። አሁን «ጤና ይስጥልኝ» ገና ሲል ታውቀዋለች። አንድ ቀን አይበቃኝም አለች። የሺ ምላሷ አያርፍም፣ የጤና ሰዎች ሬዲዮ ላይ ሊያወጡት ፈልገው እምቢ ብሏል ብላ ነገረቻት።

«ምነው እምቢ አለ?» አለች እናቴ። «ይውጣና ልስማው እንጂ።»

ጥቅምት 16፣ ደ/ማርቆስ

ፖስተሩ አሁንም መናኸሪያው በር ላይ አለ። ዛሬ ቆሜ አየሁት።

ለሲስተር ብርቱካን ደወልኩ። እሺ አልኳት። በደስታ ጮኸች። በየስንት ጊዜው ነው የሚተላለፈው አልኳት። ጠዋትና ማታ አለች። ጥሩ። ነገ 3 ሰዓት ቀረጻ። ስለ ሲጋራው የሚባለውን ሁሉ እላለሁ፣ እውነት ነውና። መጀመሪያ ግን «እኔ የወ/ሮ አንጓች ልጅ ጌታነህ ነኝ» ብዬ እጀምራለሁ አልኳት። ሲስተር ለማስታወቂያው ይረዝማል፣ ይህን እንቆርጠዋለን አለች።

ከተቆረጠ አልናገርም አልኳት። ጉሮሮዬ እስኪነድ ድረስ፣ ሁለት ጊዜ።

እሺ አለች።