ብብት ሥር የተያዘው መርፌ፦ የእማማ ቋጠሮ የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ እማማ ቋጠሮ እያለ የሚጠራቸው አያታችን ከብስክሌት ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ከጋራዡ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያ የሹራብ መርፌያቸውን አባታቸው ከተጣለ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ቆርጠው፣ ጫፉን በሞረድ አሹለው ሰጧቸው። አባትየው ሹለቱን ትንሽ ሳያበዙት አልቀሩም፤ የእማማ ቋጠሮ ትምህርት በዚያው መርፌ ምክንያት አምስተኛ ክፍል ላይ ተቋረጠ። ከኋላቸው የሚቀመጥ ልጅ የክር ልቃቂታቸውን ሰርቆ እንደ ኳስ ሲለጋው ጭኑን ወጉት። ልጁ ዛሬ ሽማግሌ ሆነው እዚሁ መካከላችን ስለተቀመጡ፣ ያላመነ ሰው ጠባሳውን እንዲያሳዩት ይለምናቸው።

ከትምህርት ቤት ከተባረሩ በኋላ ሹራብ እየሠሩ በመሸጥ ቤተሰባቸውን ረዱ። እጃቸው ከመጥበቁ የተነሣ የሠሩት ሹራብ ውሃ እንኳ አያስገባም ይባል ነበር። ቋጠሮ የሚለው ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው። አንገቱ ጠቦ ጭንቅላቴን አላስገባ አለኝ ብሎ የመጣን ደንበኛ «ሂድና ጭንቅላትህን አስተካክለህ ና» ብለው ይመልሱት ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ከአንድ የከባድ መኪና ሾፌር ጋር ትዳር መሥርተው አጎታችንንና እናቴን ወለዱ። ሾፌሩ አያታችን መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂና እጃቸው ፈጣን ነበሩ። እጃቸው ፈጣን ያልነው ለሙገሳ አይደለም። ሲጠጡ ይማቱ ነበር፤ ሳይጠጡም ይማቱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. አንድ ቀን ከመንገድ ሲገቡ፣ እማማ ቋጠሮ እጅጌ እየጨረሱ ስለነበር «አንዴ ቆየኝ፣ ይቺን ረድፍ ልጨርስ» አሏቸው። ሾፌሩ የእማማን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በጎማ መፍቻ መቱት። ሌባ ጣታቸውና የመሐል ጣታቸው ተሰበሩ። ሐኪም ቤት «በር ዘጋብኝ» ተባለ። ጎረቤትም በር አለ፣ ዘመድም በር አለ። ጣቶቹ ዳግመኛ አልታጠፉም።

እማማ ቋጠሮ ያለቀሱት ለጣታቸው ሳይሆን ለመርፌያቸው ነው። መርፌ መጨበጥ ካቃታቸው ለዘላለሙ የሾፌሩን እጅ ሲያዩ ሊኖሩ ነው። ብዙ ከሞከሩ በኋላ የቀኙን መርፌ ብብታቸው ሥር ወትፈው፣ በክንዳቸው ቆልፈው፣ ክሩን በግራ እጃቸው መጠምጠም ጀመሩ። መርፌው ከጎናቸው እንደ ቀንድ ወጥቶ ቆመ። ከድሮውም ፈጠኑ። በዓመቱ ሾፌሩ ደግመው ሊመቷቸው ሲወረወሩ መዳፋቸው በዚያ ቀንድ ላይ አረፈና መርፌው በወዲያኛው በኩል ብቅ አለ። እማማ ቋጠሮ «ቀስ በል እንጂ፣ ክሩን ታስለቅቀኛለህ!» አሏቸው ይባላል። ሾፌሩ በዚያው ሳምንት መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። መሞታቸውን የሰማነው ከሰው ነው።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ እማማ ቋጠሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈሩ የክር ሱቅ የጓሮ ክፍል፣ ለደስታቸው ሹራብ ለሚሠሩ ሴቶችና ለአንድ ፀጉር አስተካካይ ሙያቸውን ሲያካፍሉ ኖረዋል። ለሕፃን ጥጥ፣ ለብርድ ሱፍ ይሉ ነበር። ሹራብ ከመጀመሩ በፊት መዳፍ የምታህል ናሙና ተሠርታ ትታጠባለች፤ የምትሸበሸብ ከሆነ አሁኑኑ ትሸብሸብ። አስቸጋሪ ረድፍ ሲመጣ ሌላ ቀለም ያለው ክር በረድፉ ውስጥ ይሾልካል፤ ሥራው ቢበላሽ የሚተረተረው እስከዚያ ብቻ ነው። ሱፍ ነው የተባለ ክር ሁሉ ደግሞ ጫፉ በክብሪት ይለኮሳል። እንደ ተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ፣ ከቀለጠ ናይለን ነው። ባለ ሱቁ ናይለኑን ሱፍ ነው ብለው ሲከራከሯቸው እማማ እዚያው ባንኮኒው ላይ ለኮሱላቸው፤ የባለ ሱቁ ቅንድብ ተመልሶ እስኪበቅል ጊዜ ወስዷል። የዛሬውን አበባ ያመጡት እኒሁ ባለ ሱቅ ስለሆኑ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል።

የቅዳሜዎቹ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የወደዱት የብብቱን አያያዝ ነበር። ለፍጥነት የተፈጠረ ጥበብ መስሏቸው ሁሉም መርፌያቸውን ብብታቸው ሥር ወተፉ። «አንቺ፣ ሁለቱን ጣት አትጠፊያቸው፤ እማማ መቼ ያጥፋሉ?» እየተባባሉም ይተራረሙ ነበር። እማማ ቋጠሮ «ክራችሁን አጥብቁ» ብቻ ይሉ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ከመካከላቸው አንዷ፣ ነርስ የሆነችው፣ ቀኝ እጇን በፋሻ ጠቅልላ መጣች። «በር ነው» አለች። ፀጉር አስተካካዩ «አይዞሽ፣ ለብብቱ አያያዝማ ተመቸሽ!» ብሎ ሲቀልድ ተሳቀ። እማማ ቋጠሮ አልሳቁም።

«የእኔም በር ነበር» አሉ። «ሁለት እግር ነበረው፣ መኪና ይነዳ ነበር። ያንቺ በር ምን ይሠራል፣ ልጄ?»

ነርሷ ፊቷን ሸፈነች። የተቀሩት አንድ በአንድ መርፌያቸውን ከብብታቸው ሥር አወጡ። ስንት ዘመን ሲማሩት የኖሩት የእማማን ስብራት ነበር።

የነርሷ ሕፃን ልጅ ከባልየው ጋር ቤት ስለነበረች ሁሉም ክራቸውን ጥለው ተከተሏት። ባልየው በሩን ከፍቶ «የአሮጊት መንጋ!» ብሎ በርጩማ አነሣና ፊት ለፊት የቆሙትን እማማ ቋጠሮን ደረታቸው ላይ መታቸው። የጎን አጥንታቸው ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። ወድቀውም በግራ እጃቸው ያንን አባታቸው የሰጧቸውን የብስክሌት ሽቦ መርፌ ባቱ ውስጥ ሰክተው ያዙት። «እኔን ተዉኝና ልጅቷን አውጡ!» እያሉም ይጮኹ ነበር። ልጅቷ ወጣች። ባልየው ዛሬ እስር ቤት ነው፤ ሲራመድም ያነክሳል።

የተሰበረው አጥንት ሳንባቸውን ስለጎዳው እማማ ቋጠሮ ከአልጋ አልተነሡም። የነርሷ ጣቶች ግን በጊዜ ስለታሰሩ ዳኑ። ነርሷ መርፌ ልትወጋቸው በመጣች ቁጥር «እጠፊያቸው እስቲ፣ ልያቸው» ይሏት ነበር። ለልጅቷ የጀመሩት ሹራብ አንድ እጅጌ ሲቀረው ለእናቷ አስረከቧት። «እማማ፣ የእኔ እጅ ላላ ያለ ነው፣ አይመሳሰልም» ስትላቸው «ይለያይ፤ ብቻ መርፌውን በእጅሽ ያዢው» አሏት። ልጅቷ ሹራቡን ለብሳ እዚህ ከፊታችን ቆማለች፤ አንዱ እጅጌ ጠባብ ነው፣ አንዱ ሰፊ።

እማማ ቋጠሮ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በዚህ ወረቀት ላይ «በር» ተብሎ እንዲጻፍ አጎታችን አጥብቀው ለምነው ነበር። ሆኖም ሟች «በር ብላችሁ ካስነበባችሁብኝ ከሳጥኑ ተነሥቼ እወጋችኋለሁ» ብለው ስለነበር፣ ቤተሰቡም ስለሚያውቃቸው፣ አልተጻፈም።

የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በር በሌለበት ቤት ያሳርፍልን። ጣቶቻቸውም እዚያ ይታጠፉላቸው። አሜን።