የመምህርት ኤርሚንያ ባራሃስ ሱኒጋ የሕይወት ታሪክ፦ አርባ ሰባት ዓመት ከሌንስና ከሽቦ ጋር

መምህርት ኤርሚንያ ባራሃስ ሱኒጋን በአርባ ሰባት የማስተማር ዘመናቸው አንድም ተማሪ አታልሏቸው አያውቅም። ይህ የራሳቸው ቃል ነው። የሕይወት ታሪኬ በዚህ ይጀምር ብለው ስላዘዙ ጽፈነዋል፤ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። የቀረውን ግን እኛ ቤተሰቦቻቸው እንደምናውቀው እንቀጥላለን።

መምህርት ኤርሚንያ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1952 ከአባታቸው ከዶን ክሬሴንሲዮ ባራሃስና ከእናታቸው ከዶኛ ቶማሳ ሱኒጋ፣ በሳን ፔድሮ አቅራቢያ በምትገኝ የጥጥ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የውኃ ጉድጓድ ሞተር ጠጋኝ ነበሩ። የተቃጠለ ሞተር የመዳብ ሽቦው ተፈትቶ እንደ አዲስ ይጠመጠማል። ዶን ክሬሴንሲዮ ይጠመጥማሉ፣ የሰባት ዓመቷ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ዙሩን ይቆጥራሉ። ቆጠራው ከተሳሳተ ሞተሩ ይግላል፣ መንደሩም ውኃ ያጣል። ስለዚህ መቁጠር የጀመሩት ከመጫወት በፊት ነው።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን በሳን ፔድሮ ከተማሩ በኋላ ወደ ሳልቲዮ ሄደው በ1975 በፊዚክስ መምህርነት ተመረቁ። ከክፍላቸው ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። ይህንን በዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ እየነገሩን ስላሳደጉን እዚህ መዝለል አንችልም።

በ1976 በቶሬዮን ከተማ በሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም ተቀጠሩ። በ1977 ደግሞ የቶሬዮንና የሌርዶ መስመር አውቶቡስ ሹፌር ከነበሩት ከዶን ሌኦባርዶ ኪኞኔስ ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት እንዲህ ነው። መምህርት ኤርሚንያ የፈተና ወረቀት እያረሙ አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ የመጨረሻው ፌርማታ ደርሶ እንኳ አልነቁም። ሹፌሩ ትከሻቸውን ነካ አድርገው፣ «እመቤቴ፣ መንገዱ አልቋል። ወይ ይውረዱ ወይ ያግቡኝ» አሏቸው። መምህርት ኤርሚንያ ሁለተኛውን የመረጡት መውረድ ስለደከማቸው እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ከዚህ ትዳር ሮሳውራና ኤፍሬን የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በ1983 ተቋሙ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ከፈተ። ለኮምፒውተር ተማሪዎች የኤሌክትሪክ፣ የማግኔትና የብርሃን ትምህርት የሚሰጥ መምህር ሲፈለግ፣ ወንዶቹ መምህራን ሁሉ ራስ ምታት ያዛቸው። ትምህርቱ ለመምህርት ኤርሚንያ ደረሳቸው፣ እስከ መጨረሻውም አብሯቸው ኖረ። በየመንፈቁ አራት ክፍል፣ በየክፍሉ አርባ ልጅ፣ በየልጁ አምስት የላቦራቶሪ ዘገባ። ልጆቹ ደግሞ መማር የፈለጉት ኮምፒውተር እንጂ ማግኔት አልነበረም። በየመንፈቁ በሁለተኛው ሳምንት አንዱ እጁን ያወጣል።

«ቲቸር፣ ይሄ ነገር ለኮድ ምን ይሠራልኛል?»

«ኮድህ በምን ላይ ተጭኖ ነው የሚሄደው? በአህያ?»

ይህን የሚሉት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ያኔ ሽቦና ባትሪ አውጥተው፣ የማግኔቱን መርፌ አዙረው፣ ላብ በላብ ሆነው ያሳዩ ነበር። በኋላ በኋላ ለዚያው ጥያቄ «ፈተና ላይ ይመጣል» ብቻ ብለው ወደ ሰሌዳው ይመለሱ ጀመር። ጡረታ ከወጡ በኋላም ማንም ስላልተረከባቸው በሰዓት ክፍያ አንድ ክፍል ይዘው ቀጠሉ።

በ1994 ተማሪዎቻቸው ሳይለኩ እንደሚጽፉ ጠረጠሩ። ላቦራቶሪው ውስጥ ስምንት ሌንሶች ነበሩ። በእያንዳንዱ ላይ፣ ሌንሱ ብርሃንን በስንት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ እንደሚሰበስብ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። የተማሪው ሥራ ወረቀቱን ማመን ሳይሆን ለክቶ ማረጋገጥ ነው። መምህርት ኤርሚንያ ከአራተኛው ሌንስ ላይ 12 የሚለውን ልጠው 10 የሚል ለጠፉበት፤ ሁሉም ተማሪ እሱን እንዲለካም አዘዙ። ከዚያ ወዲያ 10 ብሎ የመጣ ወረቀቱን የገለበጠ ነው፤ ዜሮ። 12 ብሎ የመጣ የለካ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሃያ ሦስት ልጅ ያዙ፣ በሁለተኛው ዘጠኝ። በአራተኛው ዓመት አንድም አልነበረም።

ዶን ሌኦባርዶ ምሳ ላይ፣ «ልጆቹ ታረሙ ማለት ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

«ታረሙ» አሉ መምህርት ኤርሚንያ። የዚያን ቀን ጎርዲታ ከሚባለው የበቆሎ ቂጣ ሦስት በሉ፤ በሌላ ጊዜ ከአንድ አያልፉም። ዶን ሌኦባርዶ በ2011 ከዚህ ዓለም ሲለዩ ይህንኑ እንዳመኑ ነው የሄዱት።

በዲሴምበር 2022 ተቋሙ ላቦራቶሪውን ለመዝጋት አሰበ። ልጆቹ ሙከራውን ኮምፒውተር ላይ አስመስለው ይሥሩት፣ ክፍሉም ለሌላ ይሁን ተባለ። መምህርት ኤርሚንያ ይህን ሲሰሙ የብዙ ዓመት ዘገባ በሁለት የገበያ ከረጢት ሞልተው፣ በሰባ ዓመታቸው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው ወጡ። ኮሚቴውን የሚመሩት የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ኡባልዶ ሴርዳ ነበሩ። በ2003 መምህርት ኤርሚንያ ያስተማሯቸውና መቶ ከመቶ የሰጧቸው ተማሪ ናቸው።

መምህርት ኤርሚንያ ዘገባዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፏቸው። «ሌንሱ ላይ የተጻፈው አሥር ነው። እነዚህ ልጆች ሁሉ አሥራ ሁለት ብለዋል። ባይለኩ ኖሮ ከየት ያመጡታል? የእኔ ተማሪዎች ይለካሉ። ላቦራቶሪውን የምትዘጉት በማን ላይ እንደሆነ እወቁት።»

 ኢንጂነር ኡባልዶ ብዕራቸውን እያገላበጡ መለሱ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አራተኛዋ አሥራ ሁለት መሆኗን ሁሉም ያውቃል። በእኔ ጊዜም ይታወቅ ነበር።»

«ከማን ሰማችሁ?»

«ከቀደሙን ተማሪዎች። እነሱም ከቀደሟቸው።»

«ቁጥሮቹስ? እያንዳንዳችሁ አምስት ጊዜ ለክታችሁ ነው የጻፋችሁት! አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ። እነዚህንስ ማን ነገራችሁ?»

«ፕሮግራም አለ፣ ቲቸር። አሥራ ሁለት ሲሰጡት፣ እጁ የተንቀጠቀጠ ሰው የለካው የሚመስል አምስት ቁጥር ይተፋል።»

«ማነው የጻፈው?»

ኢንጂነር ኡባልዶ ፊታቸው ቀላ። «ጥሩ ፕሮግራም ነበር» አሉ።

መምህርት ኤርሚንያ ዘገባዎቹን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቶቹ መለሱ። ማንም አላገዛቸውም፤ ለማገዝ የደፈረም አልነበረም። ከመውጣታቸው በፊት ግን እንዲህ አሉ። «አንድ መንፈቅ ስጡኝ። እስከ ጁን ድረስ የለካ ልጅ ካልተገኘ ቁልፉን ራሴ አመጣላችኋለሁ።» ኮሚቴው ተስማማ። ቤት ሲደርሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ሮሳውራ ምን ሆነሽ ነው ብትላቸው፣ «ሃያ አምስት ዓመት ልብ ወለድ ሳርም ኖሬአለሁ» ብቻ አሏት።

በጃንዋሪ 2023 ስምንቱንም ሌንሶች ሳጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። የዚያ መንፈቅ ተማሪዎች ሠላሳ ስምንት ነበሩ። እያንዳንዱ ከቤቱ የአንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት የማንበቢያ መነጽር ከባለቤቱ ስም ጋር ይዞ እንዲመጣ አዘዙ። መነጽሩን ነጭ ወረቀት ፊት ይዘህ ወደ መስኮቱ ዞር ትላለህ፤ የመስኮቱ ምስል ተገልብጦ ወረቀቱ ላይ ጥርት እስኪል ታስጠጋለህ፣ ታርቃለህ፤ ከዚያ በሜትር ትለካለህ። በቃ ይኸው ነው። ከእነሱ በኋላ ደግሞ መምህርት ኤርሚንያ ራሳቸው ሁሉንም ይለካሉ።

ብራያን የሚባል ተማሪ የራሱን መነጽር አምጥቶ ወረቀቱን ሲያሯሩጥ ዋለ።

«ቲቸር፣ የኔ ምንም አይሰበስብም። ተበላሽቷል መሰለኝ።»

«አልተበላሸም። ያንተ የሩቅ ማያ ነው፣ ብርሃን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም። ሂድና የሽማግሌ አምጣ።»

«ሽማግሌ የለንም፣ ቲቸር።»

«ከጎረቤት ተበደር!»

ያሬትሲ ሉዌባኖስ የምትባል ተማሪ ደግሞ የአያቷን የዶን ፊደንሲዮን መነጽር አመጣች። ግራው ሠላሳ ሦስት፣ ቀኙ ሃምሳ ሴንቲሜትር ሆነባት። ተሳስቼ ነው ብላ ስድስት ጊዜ ደገመችው። ቤት ሄዳ ብትጠይቅ፣ አያቷ መነጽሩን ከስድስት ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያን ወንበር ላይ አግኝተው ኪሳቸው የከተቱት ነው። ለካስ «የዘንድሮ ጋዜጣ ኅትመቱ ተበላሸ» እያሉ የኖሩት በሰው ዓይን እያነበቡ ነበር። ያሬትሲ ዘገባዋ መጨረሻ ላይ «የአያቴ አይደለም» ብላ ጻፈች። መምህርት ኤርሚንያ ይህን ሲያነቡ ብቻቸውን ሳቁ። ዘገባ እያነበቡ ሲስቁ ቤታችን ውስጥ ታይተው አያውቁም።

ሠላሳ ስምንቱንም መነጽሮች በሦስት ሳምንት ለክተው ጨረሱ። ሠላሳ ስድስቱ ልክ ነበሩ። ሁለቱ የሳቱት ሜትሩን በተሳሳተ ጫፍ ስለጀመሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ስህተት ደግሞ ለክቶ ካልሆነ በቀር አይገኝም። በጁን ኮሚቴው ዘገባዎቹን አይቶ ላቦራቶሪውን ላለመዝጋት ወሰነ። የላቦራቶሪው ሳምንታዊ አራት ሰዓት ግን ወደ ሁለት ወረደ። መምህርት ኤርሚንያ «ግማሽም አይናቅም» ብለው ቁልፉን ለተተኪያቸው አስረከቡ።

ከዚያው ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ኩላሊታቸውን ያማቸው ነበር። ለአርባ ዓመት «ደከመኝ» እያሉ ስለኖሩ፣ በእርግጥ የደከማቸው ጊዜ ማናችንም አልሰማናቸውም። ይህ ለእኛ ለቤተሰቦቻቸው የሚከብደን ነገር ነው። በሴፕቴምበር ሆስፒታል ገብተው በሐኪሞች ሲረዱ ከቆዩ በኋላ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2023 በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። መምህርት ኤርሚንያ የሁለት ልጆች እናት፣ የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። የሚታረም ወረቀት ከሌለበት፣ ደወል ከማይደወልበት፣ «ይሄ ምን ይሠራልኛል» ብሎ የሚጠይቅ ከሌለበት ቦታ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

የመጨረሻ ቃላቸው ምን ነበር እያላችሁ በር ላይ ሮሳውራን እንዳታደክሟት፣ እዚሁ ጽፈነዋል። ከማረፋቸው አምስት ቀን በፊት ያሬትሲ ዳቦ ይዛ ልትጠይቃቸው ሆስፒታል መጣች። ለብዙ ቀን ያልተናገሩት መምህርት ኤርሚንያ ትራሱ ላይ ቀና ብለው፣ ነርሷም እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሠላሳ ስምንት ልጅ፣ አንድም ውሸት የለም! በመጨረሻ ጨዋ ሰው አወጣሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ የተጣራ ንግግር አልተናገሩም። የመለሰችላቸው ያሬትሲ ናት።

«ኧረ ቲቸር! ጨዋ ሆነን መሰለዎት? ያን የሌንስ ፕሮግራም ለመነጽር ማስተካከል ሁለት ቀን ይፈጃል። መለካቱ አምስት ደቂቃ ነው።»