ለአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ትዳር የተፈቀደች አንዲት ቀን

ኦስተርሃልም፣ ሴፕቴምበር 2

ለተከበሩ አቶ ዊበ ሆክስማ
የኦስተርሃልም ማዘጋጃ ቤት የትምህርት ግዴታ ተቆጣጣሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነትና በመልካም እንቅልፍ ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ፣ ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፍራውክዬ ቴርፕስትራ የተባልኩ የሦስት ልጆች እናትና የከተማዎ ነዋሪ ነኝ። ልጆቼ በትምህርት ጊዜ ጥቂት ቀናት እንዲቀሩ በጁን ወር ያቀረብኩትን የፈቃድ ማመልከቻ በጥንቃቄ አንብበው፣ በበለጠ ጥንቃቄ ስለከለከሉኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ወደድኩ።

እርስዎም እንደሚያውቁት፣ እኛ ሆላንዶች የትዳርን አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል በድምቀት የምናከብር ሕዝብ ነን። ሃያ አምስተኛውን ለመጠበቅ ትዕግሥቱ ስለሌለን ይመስለኛል፣ መንገድ ላይ ቆመን ኬክ እንቆርሳለን። እናቴ ባውክዬ አባቴ ከሞተ በኋላ፣ በስልሳ ሁለት ዓመቷ፣ የከተማችንን ለጀልባ ማለፊያ የሚነሣ ድልድይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲያነሡና ሲያወርዱ የኖሩትን አባባ ቼርድን አገባች። ጋብቻው ማርች 9 ቀን ነበር። ጫጉላቸውንም በሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ፣ ሞንትሪቮ በምትባል መንደር፣ ሲኞራ ኦርኔላ በሚያከራዩት ቪላ አሳለፉ። ከማርች አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ሲቆጠር ሴፕቴምበር ላይ ያርፋል፤ ይህን የደነገግኩት እኔ አይደለሁም።

ሐሳባችን በዚያው ቪላ ሁላችንም አሥር ቀን አብረን እንድንሆን ነበር። ጥድፊያው ደግሞ ከበዓሉ ይልቅ ከዓይን የመጣ ነው። አባባ ቼርድ የዓይናቸው መካከል እየጨለመ ነው፤ በጎን ያለውን ያያሉ፣ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ግን አይለዩም። ቀኝ ዓይናቸው አምና አበቃ፤ ግራውም ገናን መድረሱን ሐኪሙ እንደሚጠራጠር ነግሯቸዋል። የስድስት ዓመቷ ልጄ ብሬክት በዚህ ጸደይ የመጀመሪያ የዋና ሰርተፍኬቷን አግኝታለች። እሳቸው የሚፈልጉት ከቪላው ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመው እሷ በባሕር ስትዋኝ ማየት ነው። ሌላ ምንም አልጠየቁም። በዚህ መነሻ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለአያት የጋብቻ በዓል አንድ ቀን ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን። ባለቤቴ በዚህች አንድ ቀን ሊደረግ የሚችለውን በትጋት አስልቷል። ሌሊት ተነሥተን፣ በአውሮፕላን ጄኖቫ ገብተን፣ ሁለት ሰዓት ነድተን፣ ወደ ቪላው ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረጃ ወርደን፣ እንኳን አደረሳችሁ ብለን፣ ያንኑ ደረጃ እያለከለክን ከወጣን ልጆቹ ከባሕሩ ጋር የሚተዋወቁበት አሥራ አንድ ደቂቃ ይተርፋል። የመዋኛ ልብስ ለመቀየር ግን አይበቃም።

ሁለተኛ፣ የወንድሜን የኻርበንን ሥራ እንደዚያ በዝርዝር ያነበበለት ሰው ከእርስዎ በቀር የለም። ኻርበን መተዳደሪያው የቦይ ውኃ ከፍታ መለካት ነው፤ የቪላውን ጉዞ ከጃንዋሪ ጀምሮ ዘጠኝ አምድ ባለው ሰንጠረዥ ሲያቅድ ከረመ። ድንች ማን ይጭናል (አዎ፣ ወደ ጣሊያን ድንች ይዘን ነው የምንሄደው፣ የለውዝ ቅቤም)፣ ሰሃን ማን ያጥባል፣ ከሚያንኮራፋው አጎታችን ጋር ማን ይተኛል፣ ሁሉም በሰዓት ተቀምጧል። በሥራው ኮርተን ሰንጠረዡን ከማመልከቻው ጋር አያያዝነው፤ ቢሮዎ ያደንቀዋል ብለን ነበር። እርስዎ ግን «ማክሰኞ፦ ዋና» እና «ረቡዕ፦ ምንም አለማድረግ» የሚሉትን በቀይ አስምረው፣ ይህ ሽርሽር እንጂ የቤተሰብ ጉዳይ እንዳልሆነ በራሳችን ማስረጃ አስረዱን። ኻርበን እስካሁን አላገገመም። «ምንም አለማድረግ»ን ሰርዞ «ስለ ተፈጥሮ ማሰላሰል» ብሎታል፤ ቢዘገይም እንዲመዘገብለት ይለምናል።

ሦስተኛ፣ በዓሉን ወደ ኦክቶበሩ የመኸር ዕረፍት እንድናዛውር ስለመከሩን እናመሰግናለን። ምክርዎን ለእናቴ ሳነብላት መነጽሯን አውልቃ፣ «ወይ ጉድ! ሰው ሲያገባ የትምህርት ቤት ካላንደር አይቶ ነው እንዴ? እንዲያው ይሄን ሰውዬ ማን ነው ያገባው?» አለች። ለባለቤትዎ ያለኝን አክብሮት በዚህ አጋጣሚ እገልጻለሁ። ኦክቶበር ላይ ግን ባሕሩ ለልጅ ይቀዘቅዛል፤ ቪላውም ወይራ ለመልቀም በሚመጡ የሲኞራ ኦርኔላ ወንድሞች ይሞላል። እናቴ በሰባራ ጣሊያንኛዋ ደውላ ችግራችንን ብታስረዳቸው፣ ሲኞራዋ «እስኪ የሰውዬውን ስልክ ስጪኝ! ስጪኝ ብቻ!» ብለው ጮኹ። ስልክዎን ያልሰጠነው ለእርስዎ ካለን ርኅራኄ የተነሣ ነው።

አራተኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። እርስዎ፣ አባባ ቼርድ ለልጆቼ «በሕግ ፊት አያት መሆናቸውን የሚያሳይ ሰነድ» እንዳቀርብ በጽሑፍ ጠይቀውኛል። ደብዳቤዎን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበርና የዘጠኝ ዓመቱ ሲትሴ ለታናሽ እህቱ አነበበላት። ብሬክት መጥታ፣ «እማ፣ አባባ ቼርድ የኛ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ በአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ አንድም ቀን ቤታችን ገብቶ አያውቅም ነበር፤ እርስዎ ቴምብር ለጥፈው ላኩልን። በጣም ተናድጃለሁ፣ አልቅሻለሁም። ልጅቷን ብስክሌት ያስተማሯት፣ ኩፍኝ ሲይዛት አጠገቧ ያደሩት እሳቸው ናቸው። የዚህ ሰነድ ግን የለንም።

እሳቸው ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። «ተዪው ልጄ፣ ሰውዬው ሥራው ነው። እኔስ ስንት ቸኳይ ፊት ድልድይ አንሥቻለሁ!» አሉኝ። እውነት ነው፣ ደንቡ ጀልባ ይቅደም ይላል። ነገር ግን የከተማችን አዋላጅ ወይዘሮ ሄንድሪክዬ ለጡረታዋ በተደረገው ግብዣ ላይ የተናገረችውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። አንድ ጠዋት ምጥ ለያዛት ሴት ተጠርታ ብስክሌቷን ይዛ ድልድዩ ጋ ስትደርስ፣ እሳቸው ሊያነሡት ሲሉ ከጎጇቸው ወርደው፣ ማን እንደቆመ አይተው፣ ሦስት ጀልባ አስቁመው አሳልፈዋታል። ደንብ አስከባሪ ነበሩ፣ ግን ወርደው ያዩ ነበር። ከቢሮዎ እስከ ቤታችን በእግር ስድስት ደቂቃ መሆኑን ለመረጃ ያህል እጠቅሳለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ሐቀኝነት ስላስተማሩኝ። ሴፕቴምበር በገባ ቁጥር የጎረቤቶቻችን ልጆች በድንገተኛ ትኩሳት ይያዛሉ፤ በሳምንታቸውም ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ፣ አፍንጫቸው ተልጦ፣ ድነው ይመለሳሉ። ለእነሱ አንድም ቀይ መስመር አልተሰመረም። እኔም እንደዚያ እንዳደርግ ያልመከረኝ ሰው የለም። እውነቱን ጽፌ ያመለከትኩት እኔ ብቻ መሆኔን ሳውቅ፣ ቢሮዎ እንዴት ያለ ብርቅ እንግዳ እንደደረሰው ተረዳሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ፦ አርብ እንሄዳለን። ልጆቼ አልታመሙም፤ ሦስቱም እንደ ፈረስ ጤነኞች ናቸው። ለአስተማሪያቸውም ይህንኑ ነግሬያታለሁ፤ እሷም ግራ ቀኝ አይታ፣ «ብቻ ማባዛቱን እንዳይረሱት፣ ደረጃውን እየቆጠሩ ይውጡ» አለችኝ። የቅጣት ወረቀቱን በስሜ ይላኩልኝ። ኻርበን በሰንጠረዡ ላይ አሥረኛ አምድ ጨምሯል፤ «ቅጣት፦ ኃላፊ፣ ፍራውክዬ» ይላል። ከድንቹ ቀጥሎ የቀለለኝ ኃላፊነት ነው።

ውሳኔዎ እስኪመጣ በደጅዎ የምቆም፣ ማኅተምዎን ከሩቁ የምሳለም፣ በቀይ እስክሪብቶዎ የታነጽኩ፣ ትሑት አገልጋይዎ

ፍራውክዬ ቴርፕስትራ
የዮሪት፣ የሲትሴና የብሬክት እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት የመጨረሻ ይግባኜን በኢሜይል ብልክልዎ መልስ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደረሰኝ፤ በቢሮዎ ታሪክ ፈጣኑ ሳይሆን አይቀርም። «እስከ ሴፕቴምበር 16 ዕረፍት ላይ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር በሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ፣ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት የገቡበትን ጸጥታ እያጣጣምን ነው» ይላል። እንኳን ደስ አለዎት፤ ወሩን አሳምረው መርጠዋል። ሴፕቴምበር 9 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በሞንትሪቮ በኩል ካለፉ፣ ጸጥታዎን የሚረብሽ የልጅ ሳቅና የእናቴ ጩኸት ይሰማሉ፤ ድንጋዩ ላይ ደግሞ አንገታቸውን ወደ ጎን አዙረው ባሕሩን የሚያዩ ሽማግሌ ያገኛሉ። ኬኩ ለእርስዎና ለባለቤትዎ ይበቃል፣ ይምጡ። አባባ ቼርድ ግን ፊትዎን መለየት አይችሉምና፣ ቀርበው ማን እንደሆኑና ሥራዎ ምን እንደሆነ በራስዎ አፍ ይንገሯቸው።