መሪጌታ በየትኛው እጅ ይቆጥሩ ነበር?

ይድረስ ለተከበሩ ታላቅ እኅቴ ለወይዘሮ ሸዋሉል ሐዋዝ፣ ደብረ ወርቅ።

እትዬ፣ ፍልሰታን እንዴት ይዘውታል? ጉልበትዎ ከዳገቱ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው? ዝናቡስ፣ የጓሮው ጎመንስ፣ ልጅዎ ከበደችስ? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ሰርክ ከሥራዋ ጡረታ ወጥታለች፤ እኔን መቆጣጠር ግን ጡረታ የለውም ትላለች።

የዛሬው ጉዳዬ የአባታችን የመሪጌታ ሐዋዝ ሥዕል ነው። ደቀ መዛሙርታቸው በስማቸው ለሚከፍቱት የንባብ ቤት ሥዕላቸውን እንዳሠራ አደራ እንደሰጡኝ ያውቃሉ። በእጃችን ያለው ግን አንድ የደበዘዘ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

በሰኔ ወር፣ እዚህ በስቶክሆልም ከተማ ምክር ቤት ሳገለግል የሚያውቁኝ ሰዎች አንድ ዐውደ ርእይ እንድከፍት ጋበዙኝ። የቀረቡት በሬኔሳንስ ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ሊቃውንት ሥዕሎች ናቸው፤ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በስለታም ብረት ተቀርጸው በወረቀት የታተሙ። ሊቃውንቱ የየሙያቸውን መሣሪያ ይዘዋል፤ አንዱ ኮምፓስ፣ አንዱ የሰማይ ሉል፣ ሌላው ኮከብ የሚለካበት የነሐስ ክብ። የአባታችንስ መሣሪያ ምን ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ጣታቸው ነበር። በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ ጾሙ የሚገባበትን ቀን ሲያወጡ ታዩኝ።

ስለዚህ በዚሁ ሙያ ለምትሠራ ጉኒላ ለምትባል ቀራጺ ፎቶግራፉን ሰጠኋት፤ የእጃቸውን አኳኋን ደግሞ በራሴ ቀኝ እጅ አሳየኋት። ባለፈው ሳምንት ሻርሆልመን ወዳለው ሥራ ቤቷ ከሰርክ ጋር ሄድን። ፊታቸው ራሱ ነው። ሰርክ ግን መነጽሯን አስተካክላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ መሪጌታን ግራኝ አደረጋችኋቸው እኮ!» አለች። ጉኒላ ነገሩ ሲገባት ፊቷ ቀላ። በሰሌዳ የተቀረጸ ሁሉ ሲታተም ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ፊታቸውን አስቀድማ ገልብጣ ስትቀርጽ እጃቸውን መገልበጥ ረስታለች። ከእነዚያ ሊቃውንትም በዚሁ ስሕተት ኮምፓሱን በግራ እጁ እንደያዘ የሚኖር አይጠፋም ብላ አሳቀችን፤ ከፈለጋችሁ ሌላ ሰሌዳ እቀርጻለሁም አለች።

እሺ ልላት ነበር። ሆኖም ሕትመቱን ቤት ወስጄ ባየሁት ቁጥር ትክክል እየመሰለኝ ሄደ። እኔ የተማርሁት ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነው። እሳቸውን እያየሁ እንደ መስታወት በቀኜ የተከተልሁት እጅ ግራቸው ሊሆን ይችላል። ደቀ መዛሙርቱም ፊት ለፊት ነው የተቀመጡት፤ ስለዚህ እነሱን ብጠይቅ የራሴን ጥርጣሬ ነው የሚመልሱልኝ። በግራ ጎናቸው ሆነው ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሕትመቱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ከበደች ደብዳቤውን ካነበበችልዎ በኋላ በደንብ ይዩት። በእርስዎ በኩል የነበረው፣ እንዝርቱ የሚነካው እጃቸው ዝም ያለው ነው ወይስ የሚቆጥረው? የሚቆጥረው ግራ ከሆነ እንዳለ ይታተማል፤ ቀኝ ከሆነ እንደገና ይቀረጻል። ካላስታወሱም አይጨነቁ፣ ደፍረው ይንገሩኝ፤ እጁን ትተን ፊታቸውን ብቻ እናትማለን። በአባታችን እጅ ግምት አናኖርም።

ለከበደች፣ ለባለቤቷ ለሞላልኝ፣ ለነፍስ አባታችንና ደጃፍዎን ለሚረግጥ ጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሰርክ ጉልበትዎን ስማለች።

ታናሽ ወንድምዎ ሰላምሰገድ ሐዋዝ

ስቶክሆልም፣ ሄሰልቢ
ነሐሴ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.