ባክቴሪያ ዘበኛ ለሾሙልን ጌታ

ለተከበሩ የአፈርና የውሃ ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ፣
ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ጅቡቲ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? በዚህ በሐምሌ ወበቅ ጤናዎ እንዳይጓደል፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም ለአፍታ እንኳ እንዳያሳፍርዎ እኛ የባልባላ ሰዎች አጥብቀን እንመኛለን። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ በፈረንሳይኛም በሶማልኛም ጮኼ ስላልሰሙኝ፣ በሦስተኛ ቋንቋ ያለመስማት ዕድል ልስጥዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ከቤታችን ጀርባ አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚሰባብረው ሰውዬ እርሳስ የሚባለውን መርዘኛ ብረት አፈራችን ላይ ሲደፋ አቤት ብንልዎ፣ ባለሙያዎን ሙሲዮ ከሊፋን ስለላኩልን እግዜር ይስጥልን። ሰፈሩን ሰብስቦ፣ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች እንዳሉ፣ ገላቸውን የሸፈነው ግድግዳ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን የእርሳስ ቅንጣት ስቦ ሙጭጭ እንደሚያደርገው፣ ወደ ጉድጓድ ውሃችንም እንደማያወርደው ሲያስረዳን አፋችንን ከፍተን ሰማን። ጎረቤቴ ሽብሩማ ያለ ደሞዝ ዘበኛ አገኘን ብሎ አጨበጨበ።

ሁለተኛ፤ እህቴ አሰገደች ነፍሰ ጡር ናት፤ እንደ ብዙ የአገራችን እናቶችም አፈር አምሯታል። የአጥሩን ሥር አፈር ፈርታ ትታው ነበር፤ ከስብሰባው በኋላ ግን መንግሥት የመረቀው አፈር ነው ብላ እያነሳች ትቆረጥመው ጀመር። አትብሉ የሚል ቃል ከባለሙያዎ አፍ አልወጣምና ማን ይከልክላት?

ሦስተኛ፤ የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ኑሪያ ደሟን መርምራ ጉዱን ነገረችን። ባክቴሪያው እርሳሱን የሚይዘው አፈር ውስጥ ሳለ ነው፤ ጨጓራ ሲገባ የሆድ አሲድ ባክቴሪያው ላይ የእርሳሱን ቦታ ቀምቶ ያስለቅቀዋል። የተለቀቀው ደሟ ውስጥ ገብቷል፣ ከደሟም ወደ ፅንሱ ይሻገራል። አፈሩን ዛሬ ብትተወውም ልጁ ምን ሆኖ እንደሚወለድ እንደማታውቅ ሐኪሟ አልደበቀችንም።

አራተኛ የለኝም፤ ደክሞኛል። ቢሮዎ ስንመጣ እርሳሱ ስለተያዘ ጉዳዩ ተዘግቷል ተባልን። አሰገደች ሆዷን ደግፋ ደረጃው ላይ ስትቀመጥ ወንበር ስላላቀረባችሁላትም እናመሰግናለን፤ አፈር ለለመደ ሰው መሬቱ ምን አነሰው!

የቢሮዎን በር በውጭ በኩል አሳምሬ የማውቀው፣ መልስ እንደማይሰጡኝ እርግጠኛ በማድረግ ከሥጋት ያሳረፉኝ፣ ታላቅ አክባሪዎ

ልደቱ ባንቲሁን
ከባልባላ፣ 2003 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ባትሪ ሰባሪው በባለሙያዎ ቃል ተደፋፍሮ ዛሬ ጠዋት አንድ መኪና ሙሉ ባትሪ ጨምሮ አራግፏል። ባክቴሪያዎቹ ቦታ ሞላብን ቢሉ አይጨነቁ፤ የተረፈውን የልጆቻችን አጥንት ይይዘዋል።